አንድ ሜዳ የቀራቸው ኔቪል ዳውስ

በዚህ ጸሎት ቤት የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ከየክለቡ የመጣችሁ እንግዶች፤ ከፊታችሁ ባለው ሣጥን ውስጥ የተኙት የኔቪል ዳውስ የሕይወት ታሪክ ይህ ነው። የጻፈው አባታቸው ክሊፎርድ ነው። አንቱታው ለሟቾች ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው በስሙ ይጠራል።

ኔቪል ዳውስ በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር ረግረግ ምድር፣ በዚሁ በጌድሊ መንደር፣ ከአባታቸው ከክሊፎርድና ከእናታቸው ከሙሪየል እ.ኤ.አ. በ1966 ተወለዱ። የተወለዱበት ሰሞን ድንች የሚተከልበት ስለነበር አባታቸው የሚያያቸው ማታ ከማሳ ሲመለስ፣ በእናታቸው እቅፍ ተኝተው ሳሉ ነበር። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅና ብቸኛ ወንድ በመሆናቸው፣ መሬቱ ከአያት ወደ አባት እንደመጣ ሁሉ ከአባት ወደ እሳቸው እንደሚያልፍ የማያውቅ አልነበረም፤ ማንም ግን በቃል ተናግሮት አያውቅም፤ የሚነገር ነገር ነው ብሎ ያሰበም የለም።

በመንደሩ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው፣ በስፓልዲንግ ከተማም እስከ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ከተማሩ በኋላ ወደ እርሻው ተመለሱ። ከአባታቸው ጎን ሆነው ድንች ተከሉ፣ ጎመን ቆረጡ፣ ቦይ ጠረጉ። ሥራ የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። ሆኖም ሃያ ዓመት በሞላቸው በዓመቱ፣ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ የረግረጉን ውሃ ወደ ባሕር በሚገፉት ፓምፖች ዘንድ ሥራ እንዳገኙና ከሰኞ ጀምሮ እንደሚሄዱ ተናገሩ። አባታቸው “እንግዲያው ሂድ” አላቸው። በዚያ ቤት ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ የተነገረ የለም። መሬቱ ዛሬ ወራሽ የለውም። አባታቸው ሲያልፍ ሊገዛው ያሰበው ሰው ከወዲሁ አጥሩ ዳር እየቆመ ያየዋል፤ አሁንም እዚህ መካከላችሁ ተቀምጧል።

ኔቪል በፓምፕ ሥራቸው እስኪታመሙ ድረስ አገልግለዋል። ሌላው ሰው ዝናብ ሲመጣ በሩን ይዘጋል፤ እሳቸው ግን ዝናብ ሲመጣ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጡ ነበር። በእሳቸው ዘመን የጌድሊ ማሳዎች ውሃ ተኝቶባቸው አያውቅም፤ የአባታቸውም ማሳ ጭምር። ይህን ያመሰገናቸው ሰው ካለ አልተሰማም።

ኳስ መከተል የጀመሩት በዚሁ ሥራ ሰበብ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፓምፕ ጠግነው ሲመለሱ፣ ስሙን በማያውቁት መንደር ዳር ሁለት ቡድኖች ጭቃ ውስጥ ሲጋጠሙ አይተው መኪናቸውን አቆሙና እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተመለከቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ መንደር ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የቤታቸው ቀን መሆኑ ቀረ። ታዋቂዎቹን ቡድኖች በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ሞልቷል፤ እሳቸው ግን የሚሄዱት አጥቂው በሥራ ቀን ግንበኛ፣ በረኛው ፖስተኛ በሆነበት፣ ጥላ ፎቁ ከላም በረት በማይሻልበት፣ ኳሱ ከአጥር ሲወጣ ጎረቤት እስኪመልሰው በሚጠበቅበት ሜዳ ነበር። የማንም ክለብ ደጋፊ አልነበሩም። አንድ ሜዳ አይተው ከጨረሱ ያላዩት ሌላ ሜዳ ይፈልጋሉ። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች በዚህ አገር ጥቂት አይደሉም፤ ሜዳ ቆጣሪ ይባላሉ። ዛሬ የኋላውን አግዳሚ ወንበሮች የያዛችሁት እናንተው ናችሁ።

አባታቸው ይህን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ጤነኛ ሰው የሌላ ሰው ሣር ለማየት አገር አቋርጦ ሲሄድ የገዛ አባቱ ጎመን ማሳ ላይ ይበሰብሳል፤ ሐሳቡ ይህ ነበር። ዛሬም የሚያስበው ያንኑ ነው።

ባለቤታቸውን ፖሊንን ያገኙት በአንድ ክለብ የሻይ መስኮት ነው። ኔቪል ከእረፍት በፊት ብቻ ሦስት ጊዜ ተመላለሱባትና በሦስተኛው፣ “አንተ ሰውዬ፣ ወይ ፊኛህ ነው ወይ ልብህ ነው የታመመው” አለቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተጋቡ። ሰርጉ ለምን ረቡዕ ዋለ ብሎ እስከ ዛሬ የሚያማ ዘመድ ካለ፣ የኳስ ወቅት ስለነበር ነው። ሩት የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ቀጥተው ሳይሆን አስረድተው አሳደጓት። እናታቸው ሙሪየል እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያርፉ፣ ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ከአባታቸው ጋር የቀሩት ኔቪል ነበሩ። ሁለቱ አብረው ዕቃ አጠቡ።

ሜዳ ቆጣሪ ሁሉ ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚያወጣውም የሚጠብቀውም ራሱ ነው። ዘግይቶ ደርሶ ግማሹን ብቻ ያየበትን ሜዳ የሚቆጥር አለ። የኔቪል ሕግ ጠባብ ነበር፤ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቆሞ ያላየውን ሜዳ ሰው አየሁ ማለት የለበትም፤ ተጀምሮ የተቋረጠ ጨዋታም ጨዋታ አይባልም። የልብ ወዳጃቸው ባሪ ኩልሰን አንድ ጊዜ ከእረፍት በኋላ የደረሰበትን ሜዳ ቆጥሮ ሲያወራ፣ “ባሪ፣ አንተ የቆጠርከው ሜዳውን አይደለም፣ የመኪና ማቆሚያውን ነው” ብለውታል። ባሪ ይህን እየሳቀ ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ሜዳውን ግን ከቁጥሩ አላወጣም።

ኔቪል ብዙ ዓመት ሲለፉ የኖሩት በአካባቢያችን የእግር ኳስ ሊግ ያሉትን ክለቦች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በየሜዳቸው አይተው ለመጨረስ ነበር። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ላይ ጨረሱ። ፖሊን ኬክ ጋገረች፤ ባሪ የማይችለውን ያህል ጠጣ። በሜይ ጎናቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሐኪሙም በሽታው ጉበታቸውን እንደጨረሰውና ሌላ ጸደይ ላያዩ እንደሚችሉ ነገራቸው። በጁላይ ደግሞ ሊጉ ከታች ያደገ አንድ አዲስ ክለብ ተቀበለ። ሆልቢ ድሮቭ ይባላል። ሜዳ ቆጣሪዎች የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ ሰው ጨረስኩት ያለው ሊግ በየበጋው ተመልሶ ይከፈትበታል። ከዚያ በኋላ ኔቪል የሚጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፤ ሩት መቼ እንደምትመጣና ሆልቢ ድሮቭ መቼ በሜዳው እንደሚጫወት። ያንን ሜዳ ሳያዩ መሞት አልፈለጉም። ሌላ የፈሩት ነገር ቢኖር አልተናገሩም።

መድኃኒቱ አልጋ ላይ እያዋለ እስከ ኖቬምበር አቆያቸው። የዚያን ጊዜ መሪ መጨበጥ አይችሉም ነበር፤ ቆዳቸው እንደ ሰም ቢጫ ሆኖ፣ ቀበቷቸው ሁለት ጊዜ ይጠመጠም ነበር። ባሪ ወገቡን ታሞ ተኝቷል። ፖሊን በዚህ ብርድ ከቤት አይወጡም ብላ የመኪናውን ቁልፍ ደበቀች። ያን ጊዜ ለአባታቸው ስልክ ደወሉ። ከእርሻው ከወጡ ወዲህ አባታቸውን ምንም ነገር ለምነው አያውቁም ነበር። ክሊፎርድ የጠየቀው ስንት ሰዓት እንደሚነሱ ብቻ ነው። ፒካፑን ከበሩ ላይ ሲያቆም ፖሊን ወጥታ፣ ይህ ሰው ብርድ ቢመታው ዕዳው በአንተ ራስ ነው አለችው። ፔርሙዙንና ብርድ ልብሱን ከእጇ ተቀበላት።

በመንገድ ላይ ኔቪል አብዛኛውን ጊዜ ተኙ። ሲነቁ ግን፣ በሕይወታቸው ሄደውበት የማያውቁትን መንገድ፣ እዚህ ጋ ወደ ግራ፣ ከድልድዩ በኋላ ወደ ቀኝ እያሉ ያመለክቱ ነበር።

በሆልቢ ድሮቭ በር ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ያስገባል። ሁለቱን አየና ለጡረተኛ ግማሽ ዋጋ ነው አለ፤ አንገቱንም ወደ ኔቪል ሰበቅ አድርጎ፣ “አባትዬው በግማሽ ይገባሉ፤ አንተስ?” ብሎ ክሊፎርድን ጠየቀው። ክሊፎርድ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ኔቪል እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁና፣ “ልጄን አትንካብኝ፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል” አሉት። የበሩ ሰው ቀልዱ አልገባውም። አባታቸው አልሳቀም።

የሻይዋ ሴት ገና ሲቀርቡ አወቀቻቸው። ሜዳ ቆጣሪ ነህ አይደል፣ ፔርሙዝ ይዞ ሻይ የሚገዛ ሌላ ፍጡር የለም አለቻቸው። ሻይና አንድ የሥጋ ፓይ ገዙ፤ ፓዩን ሁለቴ ገምጠው ለአባታቸው ሰጡት። ቆመው ለማየት የሚወዱት ሁልጊዜ ከጎል ጀርባ ነውና በወዲህኛው ጎል ኋላ፣ የብረት አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። አባታቸው ብርድ ልብሱን በትከሻቸው ላይ ጣለላቸው፤ አላወለቁትም።

ኳሱ መጥፎ ነበር። ክሊፎርድ ስለ ኳስ ባያውቅም መጥፎነቱን ለማየት ዕውቀት አላስፈለገውም። ባለሜዳዎቹ ሆልቢዎች ግን ከእረፍት በፊት ሁለት አገቡና ሰፈሩ ሁሉ ሞቀው። ኔቪል አንድ ጊዜም ሳይቀመጡ፣ ሜዳው እንዴት ወደ ቦዩ እንዳዘነበለ፣ ጥላ ፎቁ ከአሮጌ የድንች መጋዘን ቆርቆሮ እንደተሠራ ለአባታቸው ያሳዩት ነበር። ክሊፎርድ ልጁ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቶ አያውቅም።

ከእረፍት በኋላ ጭጋጉ ከቦዩ ተነሣ። መጀመሪያ የማዕዘኑን ባንዲራ ወሰደ፣ ከዚያ ጥላ ፎቁን። ፓውዛው ሲበራ ባሰበት፤ ሁሉም ነገር ወተት ሆነ። ሲሸነፍ የቆየው የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ እጁን እያወናጨፈ ተጫዋቾቼን አላያቸውም፣ ጨዋታው ይቁም ማለት ጀመረ። ከአጥሩ ዳር አንዱ፣ “አሰልጣኝ፣ ሁለቱ ጎል ሲገባብህ ጭጋጉ የት ነበር?” አለው፤ ሌላው ደግሞ፣ ሰማዩ ሲጠራም ቢሆን አጥቂህን አይተነው አናውቅም ብሎ ጨመረለት።

ዳኛው ወጣት ነበር፤ ሰውም አክባሪ ነበር። ጨዋታውን አስቁሞ ተጫዋቾቹን ወደ ውስጥ አስገባ፣ ጠበቀ፣ መልሶ አወጣቸው። ልማዱ ዳኛው መሃል ሜዳ ቆሞ ሁለቱን ጎሎች ማየት አለበት ነው። ቆመ። አንዱ ይታየዋል፤ ሌላው አንዴ ይታየዋል አንዴ ይጠፋዋል። ሊወስን አልቻለምና ኔቪልና አባታቸው ወዳሉበት ጎል ኋላ መጥቶ ከዚያ ለማየት ሞከረ። ሆልቢዎች ከዚህ እስከ ባሕር ድረስ ይታያል ይላሉ። አሰልጣኙ አፍንጫዬም አይታየኝም ይላል። ዳኛው ሁለቱንም ተወና ብርድ ልብስ ወደ ለበሱት፣ የማንም ክለብ ምልክት ወደሌለባቸው ሰው ዞረ።

“ጌታዬ፣ እርስዎ የማንም ደጋፊ አይደሉም። ከዚህ ሆነው የወዲያኛውን ጎል ያዩታል?” አላቸው።

ክሊፎርድ ቀድሞ መለሰ። ይታያል አለ፤ አግዳሚውም፣ መረቡም፣ በረኛውም ይታያል አለ። አባታቸው ዋሽቷል። ዛሬም ቢጠየቅ ያንኑ ይላል።

ኔቪል ወደ ጭጋጉ ብዙ ቆይተው አዩ። የመጨረሻው ፊሽካ ሩቅ አልነበረም። ያን ሰዓት አዎን ቢሉ ያ ወጣት ዳኛ ጨዋታውን ያስቀጥል ነበር፤ እሳቸውም ሊጉን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

“አይታየኝም” አሉ። “አባቴም አይታየውም።”

ዳኛው አመስግኖ ሄደና ፊሽካውን ነፋ። ጨዋታው ተቋረጠ፤ ሁለቱ ጎሎችም እንዳልገቡ ሆኑ። በአጥሩ ዳር የነበሩት ሆልቢዎች በኔቪል ላይ ዞሩባቸው። አንተን ማን ጠራህ፣ ሣሩን ቆጥረህ ወደ አገርህ አትሄድም ነበር አሏቸው፤ አንዱማ ይህ ሬሳ ከየት መጣ አለ። የሻይዋ ሴት መስኮቷን ዘጋች። ያ ጨዋታ ለእሳቸው ምን እንደነበር አንዳቸውም አላወቁም። ኔቪልም አልነገሯቸው፤ ቆባቸውን አስተካክለው በአባታቸው ክንድ ላይ ተደግፈው ወጡ።

ድልድዩን እንደተሻገሩ ጭጋጉ የለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ማሳው እስከ ዳር ይታያል፤ ወደ ኋላ ቢያዩ የሆልቢ ድሮቭ ፓውዛ ሳይጠፋ ከነምሰሶው ጎልቶ ይታይ ነበር። ኔቪል ዞረው አዩት። ክሊፎርድ ፒካፑን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

“ያየኸው ይበቃል፤ ቁጠረው” አላቸው።

“አባባ፣ የመጨረሻው ትልም መሬት ውስጥ እያለ፣ ድንቹ ወጥቷል ብለህ ታውቃለህ?”

አባታቸው ብሎ አያውቅም። ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ።

ጨዋታው እንደገና እንዲደረግ የተቀጠረው ለፌብሩዋሪ ነው። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ኔቪል ከቤት አልወጡም። ፖሊን ለክሊፎርድ የተናገረችውን አልደገመችውም፤ እሱ ግን አልረሳውም። በገና በዓል ትንሽ ቀና ብለው ተቀምጠው ፌብሩዋሪ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቁ፤ ሩት ጥቂት ነው አለቻቸው። ጥቂት አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ፖሊንና ሩት እጃቸውን ይዘው ሳለ፣ በቤታቸው አረፉ። አባታቸው ጎመን እየቆረጠ ነበር፤ ሩት ጭቃውን በቤት ጫማዋ ተሻግራ ማሳው ድረስ መጥታ ነገረችው። የጀመረውን መስመር ቆርጦ ጨርሶ መጣ። ይህንንም ሰው አምቶታል።

ባሪ ኩልሰን ለሊጉ ክለቦች ሁሉ መልእክት ሰደደና እያንዳንዱ ክለብ የአንገት ልብስ ላከ፤ ሣጥኑ ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው እነዚያ ናቸው። ሆልቢ ድሮቭም ልኳል። ያን ቀን ዳኛው የጠየቃቸው ሰው ማን እንደነበሩ ከባሪ ከሰሙ በኋላ ሊቀ መንበሩ ራሱ ይዞት መጥቷል፤ ቅር የሚያሰኝ ሰው አይደለም። ባሪም ትናንት በክሊፎርድ ቤት ተቀምጦ ያ ሜዳ ይቆጠርላቸው አለ። የቀረው ጊዜ ትንሽ ነበር፣ ጥፋቱ የጭጋጉ ነው፣ ሜዳ ቆጣሪዎች ሁሉ ተስማምተዋል፣ ነገ በቀብሩ ላይ ኔቪል ሊጉን ጨርሰው ሞቱ ተብሎ ይነበብ አለ። ፖሊን እያለቀሰች፣ ለሞተ ሰው ይህ ምን ይበዛበታል አለች። ሩትም በሐሳቡ ከእናቷ ጋር ነበረች።

ክሊፎርድ አይሆንም አለ። ባሪ ልብህ ድንጋይ ነው አለው። ይበል። ክሊፎርድ በዚያ የብረት አጥር ዳር ለልጁ ዋሽቶለት ነበር፤ ልጁ በሰው ፊት መለሰበት። ሕይወታቸው እያለቀች፣ ሊጉን የምታስጨርሳቸው አንዲት ቃል ብቻ ስትቀር ያልተቀበሉትን ውሸት፣ ዛሬ አፍ በሌላቸው ቀን በሣጥናቸው ላይ መጫን ስርቆት ነው። አይታየኝም ላሉባት ለዚያች ቃል ዋጋ የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ሜዳው ከተቆጠረ በከንቱ ከፈሉ ማለት ነው። ባሪ የፈለገውን ያህል የመኪና ማቆሚያ ይቁጠር።

ስለዚህ የሚነበበው ይህ ነው። ኔቪል ዳውስ ሊጉን አልጨረሱም። አንድ ሜዳ ቀራቸው። የሆልቢ ድሮቭ የአንገት ልብስ ሣጥኑ ላይ የሌለው ተረስቶ አይደለም፤ ሊቀ መንበሩ ይዞት ይመለሳል።

በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው፣ ሰው ልጁን አጋብቶ የልጅ ልጅ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ ባለቤታቸውን ፖሊንን፣ ልጃቸውን ሩትን፣ እህታቸውን ሂላሪን፣ ወዳጃቸውን ባሪንና ልጁን ቀብሮ እንዲኖር ማንም ያልጠየቀውን አባታቸውን ክሊፎርድን ትተው አልፈዋል።

የሰማይና የምድር ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበላት። እኛ ያልጨመርንላቸውን፣ እሱ ከፈለገ ይጨምርላቸው።